ጸረ ስለላ ፕሮግራም ማስታወቂያን እንዴት ይከለክላል?



ከጥቂት ቀናት በፊት ገበያው አጠገብ ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወደ ክፍላችን መጡ። «መምህር ልጄ፣ ይኼ ስልክ በሽታ ገባበት መሰለኝ፤ እስቲ እይልኝ» አሉኝ። ስከፍተው ቀይ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን «በስልክዎ ውስጥ 13 ቫይረሶች ተገኝተዋል፤ በ2 ደቂቃ ውስጥ ይህን ካልተጫኑ ያለዎት ሁሉ ይጠፋል» ይላል። እሳቸው የከፈቱት ግን የአገር ቤት ዜና ነበር። ጠዋት በ50 ሽልንግ የሞሉት ዳታም ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

«እማማ፣ ተጭነውታል እንዴ?» ብላቸው «ኧረ እጄ ፈራ» አሉ። እጃቸው አወቀ። በእንዲህ ዓይነት ቁልፍ የሚወርድ ፕሮግራም አጭር መልእክት የማንበብ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። የኤምፔሳ ገንዘባችን ወሬ የሚመጣው ደግሞ በአጭር መልእክት ነው።

ያ ጽሑፍ ማስታወቂያ ነበር እንጂ ምርመራ አልነበረም። አንድ ድረ ገጽ ስልካችን ውስጥ ገብቶ ቫይረስ ሊቆጥር አይችልም። ከተማሪዎቼ አንዱ ይህን ሲሰማ «ቲቸር፣ ጸረ ስለላ ፕሮግራም ቢኖራቸው ኖሮ ማስታወቂያው ይመጣ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው መልካም ስለሆነ የዛሬውን ትምህርት በእርሱ ላይ አደረግሁት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ አንድ ገጽ እንዴት እንደሚሰበሰብ እንመልከት። የዜና ገጽ ስንከፍት አስቀድሞ የሚደርሰን ሥዕሉ ሳይሆን የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ብራውዘሩን «ይህን ፎቶግራፍ ከዚህ ቤት አምጣ፣ ያንን ማስታወቂያ ደግሞ ከዚያ ቤት አምጣ» እያለ ይልከዋል። እኛ አንድ ቤት አንኳኳን ብለን ስናስብ ስልካችን ብዙ በር ሲያንኳኳ ይውላል። የመጣው ሁሉ፣ ፈለግነውም አልፈለግነውም፣ ከገዛነው ዳታ ላይ ይቆረጣል። በዚህ ላይ የማስታወቂያው ቤት ኩኪ የምትባል ትንሽ የማስታወሻ ወረቀት ትቶብን ሊሄድ ይችላል። ኩኪን በ1994 የፈለሰፈው የኔትስኬፕ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ነው። ኩኪ በራሷ ክፉ አይደለችም፤ ገጹ ማንነታችንን እንዲያስታውስ ትረዳለች። የማስታወቂያ ቤቶች ግን ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ስንሄድ ዱካችንን ሊከተሉባት ችለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚገናኙት በቁጥር ነው እንጂ በስም አይደለም። ስለሆነም ብራውዘሩ የአንድን ቤት ስም ሲያገኝ በቅድሚያ ቁጥሩን ማወቅ አለበት። በጥንቱ ዘመን በአሜሪካ የነበረው መረብ ትንሽ ስለነበር የሁሉም ስምና ቁጥር በአንድ መዝገብ ተጽፎ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይቀመጥ ነበር፤ ሌሎቹ ከዚያ ይገለብጣሉ። መረቡ ሲሰፋ በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዛሬ የምንሠራበትን ዲ ኤን ኤስ የሚባለውን የስም መጠየቂያ ሥርዓት አወጣ። ይሁን እንጂ ያ አሮጌ መዝገብ ሙሉ በሙሉ አልተጣለም። ሆስትስ የሚባል አነስተኛ መዝገብ እስከ ዛሬ ድረስ በየኮምፒዩተሩ ውስጥ ይገኛል። ኮምፒዩተሩም ወደ ውጭ ከመጠየቁ በፊት ይህንኑ የራሱን መዝገብ ይመለከታል።

ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። 127.0.0.1 የሚለው ቁጥር ለማንኛውም ኮምፒዩተር «እኔው ራሴ» ማለት ነው። በመዝገቡ ውስጥ ከአንድ የማስታወቂያ ቤት ስም አጠገብ ይህን ቁጥር ብንጽፍ ኮምፒዩተሩ ያንን ቤት እፈልጋለሁ ብሎ ራሱን ይጠራል፤ የሚመልስለት የለም። በእጃችሁ ባለው ስልክ የራሳችሁን ቁጥር እንደ መደወል ነው። ዜናው ይመጣል፣ የማስታወቂያው ቦታ ግን ባዶ ይሆናል። ያልመጣ ነገር ደግሞ ዳታ አይበላም፣ ኩኪም አይጥልም።

ስፓይቦት የተባለው ጸረ ስለላ ፕሮግራም የሚታወቀው በዚህ ነው። ጀርመናዊው ፓትሪክ ኮላ የሠራው ሲሆን የወጣው በ2000 ነው። «መከተብ» የሚል ትርጉም ያለው ቁልፍ አለው፤ ሲጫኑት የታወቁ መጥፎ ቤቶችን ስም በመዝገቡ ላይ ይጽፋል፣ ብራውዘሩም የእነርሱን ኩኪ እንዳይቀበል ያዛል። ሰላይን የሚያድን ፕሮግራም ከማስታወቂያ ጋር ምን አገናኘው ብትሉ፣ በዚያን ጊዜ ሰላዩና ማስታወቂያው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቤት ያድሩ ነበር። ለምሳሌ ያህል ጌተር የሚባለው ፕሮግራም ቅጽ እሞላላችኋለሁ እያለ ገብቶ ሰው የሚያየውን ገጽ ይከታተልና የራሱን ማስታወቂያ በሌሎች ገጽ ላይ ይለጥፍ ነበር። በ2002 የአሜሪካ ጋዜጣ አሳታሚዎች ከሰሱት፤ በ2003 በስምምነት ተጨረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስምሩበት። ጸረ ስለላ ነኝ የሚለው ራሱ ሌባ ሊሆን ይችላል። በ2008 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ዊንፊክሰርና መሰሎቹን የሚሸጡ ሰዎችን ከሷል። እነዚህ ሰዎች ልክ ቡና አፍይዋ እናታችን እንዳዩት ያለ የሐሰት ምርመራ በማስታወቂያ እያሳዩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን አታልለዋል ተብለዋል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከማስታወቂያ ላይ አታውርዱ፤ ማስታወቂያው በአማርኛ ቢሆንም እንኳ።

በኮምፒዩተር የምትሠሩ ከማልዌርባይትስ ብራውዘር ጋርድ ወይም በፋየርፎክስ ላይ ከሚጨመረው ዩብሎክ ኦሪጅን አንዱን መጠቀም ትችላላችሁ። በነጻ ናቸው። መዝገቡን በእጅ ከመጻፍም ይቀላሉ። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር ግን መጥፎ ፕሮግራም ይይዛል እንጂ ተራ ማስታወቂያ አይከለክልም። ብዙዎች በዚህ ይሳሳታሉ።

አብዛኞቻችን ግን ያለን ስልክ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ የሆስትስን መዝገብ እንደ ልብ መንካት አይቻልም። ቢሆንም ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፋየርፎክስን አውርዶ ዩብሎክ ኦሪጅንን መጨመር ነው። ሁለተኛው አንድሮይድ 9 ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ ስልክ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬት ዲ ኤን ኤስ የሚለውን ፈልጋችሁ አድጋርድ የሚሰጠውን የነጻ አድራሻ ትጽፋላችሁ። ከዚያ በኋላ ስልኩ የቤቶችን ቁጥር የሚጠይቀው መጥፎ ቤቶችን ከማይነግር ሰው ዘንድ ይሆናል። አድራሻው በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆነ በክፍላችን ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤ አንዲት ፊደል ብትሳሳቱ ኢንተርኔቱ በሙሉ ይቆማልና ተጠንቅቃችሁ ገልብጡ። የምትጠይቁትን ስም ሁሉ ያ ቤት ስለሚያይ ማንነቱን የማታውቁትን አድራሻ አታስገቡ።

ይህ ሁሉ የማይደርስበት ቦታ አለ። ዩቲዩብና ፌስቡክ ማስታወቂያቸውን የሚልኩት ከራሳቸው ቤት ስለሆነ በስም መከልከል አይያዙም፤ ስሙን ብትዘጉ ቪዲዮውም ይዘጋል። መዝገቡም ያረጃል፣ አጭበርባሪው ነገ በአዲስ ስም ይመጣል። «ሦስተኛ አገር እናሰፍራችኋለን፣ ለቅጹ ይህን ያህል ላኩ» እያለ በዋትስአፕ የሚዞረውን መልእክት ደግሞ ምንም ፕሮግራም አያግድልንም። የዩ ኤን ኤች ሲ አር አገልግሎት በሙሉ በነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ከእነርሱ አይደለም።

አንዳንድ የዜና ገጽ ማስታወቂያው ሲታገድ አልከፈትም ይላል። የሚኖረው በእርሱ ስለሆነ አልፈርድበትም። የምታምኑት ገጽ ከሆነ በዩብሎክ ላይ ለእርሱ ብቻ መፍቀድ ይቻላል።

መልመጃ፦ ሴቲንግ ውስጥ የዳታ አጠቃቀም የሚለውን ክፈቱና ብራውዘራችሁ በአንድ ሳምንት የበላውን ቁጥር በደብተር ጻፉ። ማስታወቂያውን ካገዳችሁ በኋላ እንደ ወትሮው እያነበባችሁ ሌላ ሳምንት ቆጥራችሁ አምጡልኝ። የእማማን ስልክ ቁጥር አስቀድሜ ይዣለሁ፤ የሳቸውን ከእናንተ ጋር እናስተያያለን።