ከፋዩን የማያጋልጥ ኤሌክትሮኒክ ገንዘብ

ጥያቄ፦ በቴሌብር ስከፍል እያንዳንዱ ግብይቴ ይመዘገባል። እንደ ብር ኖት፣ ማን እንደከፈለ የማያሳብቅ ኤሌክትሮኒክ ገንዘብ መሥራት አይቻልም?

መልስ፦ ይቻላል። አሜሪካዊው ዴቪድ ቾም ዘዴውን በ1982 እ.ኤ.አ. አቅርቦታል። ኮምፒውተርዎ አንድ መለያ ቁጥር በዘፈቀደ ያወጣና በሌላ ምስጢራዊ ቁጥር ሸፍኖ ለባንኩ ይልካል። ባንኩ ከሂሳብዎ ቀንሶ፣ ቁጥሩን ሳያይ በዲጂታል ፊርማው ያጸድቀዋል፤ በታሸገ ፖስታ ላይ የተፈረመ ፊርማ በካርቦን አልፎ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ እንደሚያርፍ ማለት ነው። ሽፋኑን ሲያነሱት ፊርማው ይቀራል። ነጋዴው ገንዘቡን ለባንኩ ሲያቀርብ፣ ባንኩ የሚያጣራው ፊርማው የራሱ መሆኑንና በቁጥሩ ከዚህ በፊት አለመከፈሉን ብቻ ነው። ለማን እንደሰጠው አያውቅም። እጅግ የሚደነቅ ሥራ ነው።

የቾም ድርጅት ዲጂካሽ ግን በ1998 ከሰረ። አሁን ዋናው ማነቆ ሕጉ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ2009 መመሪያ፣ ኤሌክትሮኒክ ገንዘብ አውጪው ድርጅት ገንዘቡን በተጠየቀ ጊዜ በሙሉ ዋጋው እንዲመልስ ያስገድዳል፤ ይህ ተገቢ ነው። ሕገወጥ ገንዘብን መከላከልም ያስፈልጋል፤ ሆኖም የዳቦና የመድኃኒት ግዢ ሳይቀር መመዝገቡ ለእኔ ከልክ ያለፈ ነው። ኅብረቱ በ2018 ባወጣው ሕግ፣ የባለቤቱ ማንነት ሳይጣራ በቅድመ ክፍያ ካርድ የሚያዘውን ገንዘብ ጣሪያ ከ250 ወደ 150 ዩሮ ዝቅ አድርጎታል።