ያገለገለ ራም ከመግዛታችን በፊት

የመመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስ ከዲላ ከተማ ያገለገለ ራም ገዝተን አሮጌ ኮምፒውተራችን ላይ የምንጨምር ብዙ ነን። ሦስት ነገር እናስተውል።

አንደኛ፣ ዓይነቱ፦ በዲዲአር3 ቦታ ዲዲአር4 አይገባም።

ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ፦ ባለ 1333 ራም ላይ ባለ 1600 ብንጨምር ሁለቱም በ1333 ይሠራሉ። ስለዚህ ለፍጥነት ብለን ተጨማሪ ብር አናውጣ።

ሦስተኛውና ዋናው መረጋጋቱ ነው። የተበላሸ ራም ኮምፒውተሩን ባያጠፋውም የምናስቀምጠውን ፋይል ሳናውቅ ሊያበላሽብን ይችላል። ሜምቴስት86ን በፍላሽ አስነስተን ሌሊቱን እንፈትሸው፤ አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ አንጠቀምበት። ለዚህም ስንገዛ ከሻጩ ጋር የመመለሻ ቀን እንስማማ፤ መድረሳ የቀራነው ኺያሩ ሸርጥ ለዚህ ነው። ራሙ ፈተናውን እስኪያልፍ ጽሑፋችን በዚያ ኮምፒውተር ብቻ አይቀመጥ።