የነከሰ ሞተር በቤት ስለ መለወጥ

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ሞተር ሲጽፍ የቴክኖሎጂ ጓደኞቻችን ፈገግ እንደሚሉ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ነገሩ የእነርሱ ብቻ አይደለም። የሞተ ሞተር አውጥቶ ሌላ መተካት ጉልበትና መፍቻ የሚጠይቀውን ያህል በሥርዓት ማየትን፣ መጻፍንና መመርመርን ይጠይቃል፤ እነዚህ ደግሞ የእኛም ትምህርት ናቸው። ለምሳሌ ያህል የመረጥነው ኤም.ጂ.ቢ. የተባለችውን የእንግሊዝ የስፖርት ኦቶሞቢል ነው። ይህች ኦቶሞቢል ከ1962 እስከ 1980 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኦክስፎርድ አጠገብ ባለችው በአቢንግደን ከተማ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። አሠራርዋ ቀላል ስለ ሆነና ኮፈንዋ ሲከፈት ሁሉ ነገር ለዓይንም ለእጅም ስለሚደርስ፣ ዛሬም በእንግሊዝ አገር ብዙ ባለቤቶች በቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ሞተርዋን ራሳቸው ያወርዳሉ።

አስቀድመን ስለ ቃላት አንድ ነገር እንበል፤ ብናልፈው የቋንቋ ተማሪነታችን አይፈቅድልንም። የአገራችን መካኒክ የሚጠራቸው ዕቃዎች ብዙዎቹ ስማቸውን ያገኙት ከኢጣልያንኛ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። ኢጣልያኖች ሞተር ደርቆ አልዞር ሲል ‹‹ግሪፓቶ›› ይላሉ። እኛ ግን ለዚህ ቃል አልተበደርንም፤ ‹‹ነከሰ›› እንላለን። ቃሉም ትክክለኛ ነው፤ በውስጥ የሚሆነው ነገር በእውነት ብረት ብረትን መንከሱ ነውና።

በኤም.ጂ.ቢ. ሞተር ውስጥ አራት ፒስተኖች ወርዱ 80 ሚሊ ሜትር ያህል በሆነ ሲሊንደር ውስጥ ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ ጠቅላላ ይዞታው 1798 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ሞተሩ በደኅና ሲሠራ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር፣ ክራንክ ሻፍቱም ከሚያርፍባቸው ቤሪንጎች ጋር አይፋተግም፤ በመካከላቸው ከጠጕር የቀጠነ የዘይት ሽፋን አለ። ሞተሩ የሚኖረው በዚህ ሽፋን ነው። ዘይቱ ሲያልቅ፣ ፓምፑ ሲደክም ወይም ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ሽፋኑ ይቀደዳል። ፒስተኑ ከአሉሚንየም ነው፤ ሲሊንደሩ ግን ከብረት። አሉሚንየም ሲሞቅ የዚህን ብረት ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ ፒስተኑ በገዛ ቤቱ ውስጥ ይጣበቃል። በቤሪንጉ በኩል የሆነ እንደ ሆነም ለስላሳው የቤሪንግ ብረት ቀልጦ ክራንክ ሻፍቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ይህ የሙቀት ሞት ነው። ሌላው የብርድ ሞት ነው፤ ኦቶሞቢሏ ለዓመታት ቆማ ስትኖር እርጥበት በተከፈተ ቫልቭ በኩል ይገባና የፒስተኑን ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ያጣብቃቸዋል።

ሁለቱን መለየት ግድ ነው፤ መድኃኒታቸው አንድ አይደለምና።

ከዚያም በፊት ሞተሩ በእርግጥ መንከሱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ብዙ ደኅና ሞተር በስሕተት ‹‹ሞቷል›› ተብሎ ተሽጧል። በመጀመሪያዎቹ ኤም.ጂ.ቢ.ዎች ላይ የሞተሪኖው ትንሽ ጥርስ ከቮላኖው ጥርስ ጋር ተቈላልፎ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ፍጹም የነከሰ ይመስላል። መፍትሔው ግን በሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለውን አራት ማዕዘን ጕጥ በመፍቻ ማዞር ብቻ ነው። የደረቀ የውኃ ፓምፕ ወይም የተያዘ ዲናሞም በቺንጋው በኩል ሞተሩን ሊያግተው ስለሚችል ቺንጋውን አውልቆ መሞከር ይገባል። እንዲሁም በሲሊንደር ውስጥ ውኃ ወይም ቤንዚን ሞልቶ እንደ ሆነ ፈሳሽ አይጨመቅምና ፒስተኑ አይወጣም፤ ስለዚህ አራቱንም ካንዴላዎች ፈትቶ እንደ ገና በእጅ ማዞር ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልዞረ እንግዲያው ነክሷል።

በዝገት የተያዘ ከሆነ ተስፋ አለው። በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን ዘይት አፍስሶ ጥቂት ቀን መታገሥ፣ ከዚያም በክራንክ ሻፍቱ ፊት ባለው ትልቅ ዳዶ ላይ ረጅም መፍቻ አግብቶ ወዲያና ወዲህ፣ በጥቂት በጥቂቱ ማወዛወዝ ነው። በሞተሪኖ ማስገደድ ግን ክልክል ነው፤ የተጣበቀ ቫልቭ ቢኖር የሚገፋውን ዘንግ ያጣምመዋል። ደግሞም የተላቀቀ ሞተር ሁሉ የዳነ አይደለም፤ ዝገቱ ግድግዳውን በልቶት ከሆነ ዘይት ሲጠጣ ይኖራል። በሙቀት የነከሰው ግን ክራንክ ሻፍቱ የሚስተካከለው በማሽን ቤት እንጂ በግቢ አይደለም። ሌላ ሞተር መተካት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር እንናገር። የሞተር መንከስ የአንድ ጥፋት መጨረሻ ነው፤ ጥፋቱ ራሱ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። ያንን ሳያገኝ ሌላ ሞተር የሚያስገባ ሰው ሁለተኛውንም ለመግደል እየደከመ ነው። ስለዚህ የሞተው ሞተር ከወረደ በኋላ ወደ ጥግ አይጣል፤ የታች ዘይት መያዣው ይፈታና እንደ መጽሐፍ ይነበብ። ቤሪንጎቹ ሁሉ የተበሉ ከሆነ ዘይቱ ለሁሉም ጠፍቷል ማለት ነው፤ ጥፋቱ በዘይቱ ልክ፣ በፓምፑ ወይም በመምጠጫው ቱቦ ላይ ይፈለግ። አንዱ ብቻ ተበልቶ ሌሎቹ ደኅና ከሆኑ ወደዚያው የሚሄደው የዘይት መንገድ መደፈኑ ይጠረጠር። የፒስተኖቹ ጎን ተቧጭሮ ቤሪንጎቹ ደኅና ከሆኑ ነገሩ ከሙቀት ነው፤ ወንጀለኛው ራዲያተሩ፣ ቴርሞስታቱ ወይም ያረጀ የውኃ ጎማ ይሆናል፤ እነዚህም ሦስቱ ከኦቶሞቢሏ ጋር ቀርተው አዲሱን ሞተር ይጠብቃሉ።

ከሁሉ የሚከፋው ጠላት ግን የዘይት ማቀዝቀዣው ነው። ከ1964 በኋላ በተሠሩት ኤም.ጂ.ቢ.ዎች በብዛት ከራዲያተሩ ፊት ትንሽ የዘይት ራዲያተር ታገኛላችሁ። ቤሪንግ ሲፈጭ ደቃቁ ብረት ከዘይቱ ጋር ይዞርና በዚህች ዕቃ ቀጫጭን መንገዶች ውስጥ ይቀመጣል። በቤንዚን ብታጥቡት የሚወጣው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው አዲሱ ሞተር ሲሞቅ እየተላቀቀ በቀጥታ ወደ አዲሶቹ ቤሪንጎች ይሄዳል። የእኛ አስተያየት አጭር ነው፤ ሞተሩ በቤሪንግ ከሞተ ማቀዝቀዣውና የዘይት ቱቦዎቹ ይጣሉ። ለሞተሩ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ በማቀዝቀዣው ላይ መቈጠብ እንግዳ ሒሳብ ነው።

ስለሚገዛው ሞተርም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁሉም 1798 ቢባሉም ሁሉም አንድ አይደሉም። እስከ 1964 የተሠሩት ክራንክ ሻፍታቸው በሦስት ቤሪንግ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት በአምስት። በ1967 መጨረሻ ደግሞ ካምቢዮው ተለወጠ፤ ከእርሱም ጋር የሞተሩ የኋላ ሳሕን፣ ቮላኖውና ሞተሪኖው ተለወጡ። ስለዚህ የአንዱን ዘመን ሞተር ከሌላው ዘመን ካምቢዮ ጋር እንዲያው ማጋባት አይቻልም። መለያው በሞተሩ ጎን ላይ የተመታው ቍጥር ነው፤ 18ጂቢ ብሎ የሚጀምረው ባለ አምስት ቤሪንጉ የመጀመሪያው፣ 18ጂዲ የሚለው ከካምቢዮው ለውጥ በኋላ የመጣው ነው። ሌላም ወጥመድ አለ፤ እስከ 1967 በተሠሩት ላይ ከአካሉ ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዚቲቭ ነው፣ ከዚያ በኋላ ግን ኔጋቲቩ። የኋለኛው ሞተር ከነአልተርኔተሩ በፊተኛይቱ ኦቶሞቢል ላይ ቢገባና ሽቦው ሳይታረም ቢገናኝ አልተርኔተሩ ወዲያው ይቃጠላል። ሻጩ ‹‹ሲወርድ ይሠራ ነበር›› ይላል፤ ይበል። እናንተ ግን በእጃችሁ አዙሩት፣ የታች መያዣውን አስፈትታችሁ ቢያንስ አንድ ቤሪንግ እዩ። ይህን የሚከለክል ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ወደ ማውረዱ እንሂድ። የመጀመሪያው ሥራ ባትሪውን መለያየት ነው፤ እስከ 1974 በተሠሩት ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ከመቀመጫዎቹ ኋላ ተቀብረዋል። ከዚያ ውኃውንና ዘይቱን ማፍሰስ፣ ኮፈኑን ማንሣት፣ ራዲያተሩን ማውጣት፣ ካርቡራተሮቹንና የማርሚታውን ቱቦ መፍታት ነው። እያንዳንዱ ሽቦና ቱቦ ከመፈታቱ በፊት በወረቀት ይለጠፍበት፣ ስሙም ይጻፍበት፤ ብሎኖቹም በየቦታቸው ስም በተጻፈባቸው ከረጢቶች ይግቡ። ዛሬ በቴሌፎን ፎቶግራፍ ማንሣት ይቻላል፤ ነገር ግን ፎቶግራፍ ከኋላ የተደበቀውን አያሳይም፣ የተጻፈ ወረቀት ግን ያሳያል። በዚህስ የአርትስ ተማሪ ማንንም አያፍርም።

ሞተሩ ብቻውን ወይም ከካምቢዮው ጋር አብሮ ሊወጣ ይችላል። ብቻውን ሲወጣ የካምቢዮው ዘንግ ከፍሪሲዮኑ እስኪላቀቅ ድረስ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት መሳብ አለበት፤ ካምቢዮውም በክሪክ ይደገፍ፣ ክብደቱ በዘንጉ ላይ ከተንጠለጠለ የፍሪሲዮኑን ሳሕን ያበላሻል። አብሮ ሲወጣ ከታች ያለው ሥራ ይበዛል፤ የማርሽ ዱላውና ወደ ኋላ እግር የሚሄደው ዘንግ ይፈታሉ፣ ሞተሩም ጭራው ወደ ታች አዘንብሎ ይወጣል፤ የካምቢዮው ዘይት አስቀድሞ ካልፈሰሰ ወለሉን ያጥባል። እኛ አብሮ ማውጣቱን እንመርጣለን፤ ሲመለስ ሁለቱን መሬት ላይ በብርሃን ማጋጠም በጨለማ ተጋድሞ ከመታገል ይሻላልና። በየትኛውም መንገድ ቢሆን የፍሪሲዮኑ ሳሕንና ከግራፋይት የተሠራው መግፊያው በዚሁ ጊዜ ይለወጡ፤ በዚህች ኦቶሞቢል ላይ ሞተር ሳይወርድ አይደረስባቸውም።

የሚሰቀለው ዕቃ ከ150 ኪሎ በላይ ነው። በእንግሊዝ አገር ለዚህ የሚሆን ባለ መንኰራኩር ክሬን በቀን ይከራያል፤ ክራዩም ከሰው እግር ርካሽ ነው። የቤት ጣሪያ እንጨት ጣሪያውን እንዲሸከም ተሠራ እንጂ ሞተር እንዲሰቀልበት አይደለም። ማንም ሰው ከተሰቀለ ሞተር በታች አካሉን አያግባ፤ እጁንም ቢሆን። በክሪክ ብቻ ከተነሣ ኦቶሞቢል ሥርም አይገባም፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ከአራቱም ማዕዘን ይቁም። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ክሬኑን ሲይዝ ሌላው ሞተሩን ይመራል፣ የሚናገረውም አንዱ ብቻ ይሁን።

መመለሱ የማውረዱ ግልባጭ ስለ ሆነ አናረዝመውም። አንድ ነገር ብቻ፤ ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው ወፍራም የኤሌክትሪክ ማሰሪያ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሲረሳ የሞተሪኖው ኃይል መንገድ ፍለጋ በቾኩ ወይም በነዳጁ መስጫ ገመድ በኩል ያልፍና ገመዱን አግሎ ያቃጥለዋል። ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ያየ ሰው አስቀድሞ ይህን ይፈልግ።

ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የቫልቮቹ ክፍተት 0.38 ሚሊ ሜትር መሆኑ ይታይ፤ የካንዴላዎቹም ሽቦዎች በዲስትሪቡተሩ ላይ ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ተብለው ይገጠሙ። ከዚያም ካንዴላዎቹ ሳይገቡ ሞተሪኖው በአጭር በአጭር ጊዜ ይዙር፤ ዓይን ከዘይት ግፊት መለኪያው አይነሣ። መርፌው ካልተነሣ ሞተሩ አይነሣም፤ ምክንያቱ ይፈለግ። መርፌው ሲነሣ ካንዴላዎቹ ይግቡና ይቀጣጠል። የሞቀ ሞተር በመንገድ ላይ ከ50 እስከ 80 ፓውንድ ማሳየት አለበት። ካም ሻፍቱ አዲስ ከሆነ ሞተሩ በቀስታ እንዲያጕረመርም አይተው፤ በደቂቃ 2000 ዙር ያህል ለሃያ ደቂቃ ይሂድ፣ ያለዚያ የካሙ ጕብጕባቶች በዘይት ሳይረጩ ይበላሉ።

የመጀመሪያው ዘይት ብዙ አይቈይ፤ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ ከነማጣሪያው ይለወጥ። ማጣሪያውን ግን አትጣሉት፤ ቀዳችሁ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ዘርጉት። ጥቁር ብቻ ከሆነ መልካም ነው። የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ካያችሁበት ቍልፉን አውጥታችሁ ወደ ዘይት ማቀዝቀዣው ተመለሱ።