የ40 ደቂቃውን እናቅዳለን፤ የቀናችንንስ?

ዕቅድ ለኛ ለዕጩ መምህራን አዲስ ነገር አይደለም። ዓመታዊ ዕቅድ፣ ሳምንታዊ ዕቅድ፣ ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ እያልን እንማራለን፤ እንጽፋለን፤ እንታረማለን። ለአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ዓላማ እናወጣለን፤ ለመግቢያው 5፣ ለዋናው ትምህርት 25፣ ለማጠቃለያው 5፣ ለምዘናው 5 ደቂቃ ብለን እንከፋፍላለን። ይሁን እንጂ ያንኑ ዕቅድ የሚጽፍበትን ምሽት የሚያቅድ ከመካከላችን ስንቱ ነው? የልምምድ ማስተማር ሰሞን ሲደርስ መኝታ ቤቱ ሁሉ «የቱን ይዤ የቱን ልተው!» በሚል ይሞላል። ስለሆነም ቀንን ማቀድ የአእምሮን መጨናነቅ እንዴት እንደሚያቃልል ባጭሩ እንመልከት።

1. መጨናነቅ ከምን ይመጣል?

አብዛኛውን ጊዜ የምናማርረው የሥራውን ብዛት ነው። እሱም አለበት። ነገር ግን ሥራው ሰዓት ሳይቆረጥለት በጭንቅላታችን ሲንከራተት ሌላ ሸክም ይሆናል። ሰው ባንድ ጊዜ በሐሳቡ ይዞ ሊሠራባቸው የሚችላቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ኔልሰን ካወን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ጽሑፍ አራት ገደማ መሆናቸውን አመልክቷል። እስቲ የኛን እንቁጠር፦ የነገ የትምህርት ዕቅድ፣ በካርቶን የሚሠራ መርጃ መሣሪያ፣ የቡድን ሥራ፣ ያልታጠበ ሸሚዝ፣ የሥነ ልቦና ፈተና፣ ለቤተሰብ ያልተደወለ ስልክ። ስድስት ሆነ! ታዲያ ዓይናችን መጽሐፉ ላይ ሆኖ ልባችን ሸሚዙ ዘንድ ቢሄድ ምን ይደንቃል?

ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ያላለቀ ጉዳይ ያለባቸው ሰዎች ሌላ ሥራ ሲሰጣቸው ያ ጉዳይ እየመጣ ሐሳባቸውን ሲከፋፍለው ታይቷል። ጉዳዩን መቼና እንዴት እንደሚፈጽሙት ለይተው እንዲያቅዱ የተደረጉት ግን፣ ሥራው ገና ሳይነካ፣ ሐሳባቸው ተሰብስቧል። ልብ በሉ! ቀጠሮ የተሰጠው ሥራ እንደ ባለጉዳይ ነው፤ ተራው እስኪደርስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

2. ቀን እንዴት ይታቀዳል?

ሀ) መዘርዘር፦ ማታ ከመኝታ በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል፣ ትልቅ ትንሽ ሳይሉ፣ በሐሳብ ያለውን ሁሉ ወረቀት ላይ ማውረድ።

ለ) መምረጥ፦ ነገ የግድ መሠራት ያለባቸውን ሦስት ሥራዎች መለየት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። የቀረው «ለሌላ ቀን» በሚል ርዕስ ሥር ይስፈር።

ሐ) ሰዓት መስጠት፦ «ከሰዓት በኋላ አጠናለሁ» ምኞት ነው። «ከ9፡30 እስከ 11፡00 በቤተ መጻሕፍት የነገውን የሒሳብ ዕቅድ እጽፋለሁ» ግን ዕቅድ ነው። ሰዓት አለው፤ ቦታ አለው፤ ሥራውም ታውቋል።

መ) ትርፍ ጊዜ መተው፦ ሰው ለገዛ ሥራው የሚገምተው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ያንሳል። ቢዩለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎች በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ብለው ሲገምቱ የፈጀባቸው 55 ቀን ያህል ነበር። ስለዚህ አንድ ሰዓት ይበቃል ላልነው ሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እንያዝለት። መብራት ይጠፋል፤ የውሃ ወረፋ ይረዝማል፤ እንግዳም ይመጣል። እስከ አፍ ገደፉ የሞላ እንስራ ትንሽ ሲነካ ይፈሳል፤ ቀንም እንዲሁ ነው።

3. ለምሳሌ በልምምድ ሰሞን

12፡00 – 2፡00 መነሳት፣ ቁርስ፣ መንገድ
2፡00 – 6፡00 በትምህርት ቤት ማስተማርና መመልከት
6፡00 – 7፡30 ምሳና ዕረፍት
7፡30 – 9፡30 በተቋሙ ትምህርት
9፡30 – 11፡00 የነገ ዕቅድና መርጃ መሣሪያ
11፡00 – 12፡30 ልብስ አጠባ፣ ኳስ፣ ጨዋታ
12፡30 – 1፡30 እራት
1፡30 – 3፡00 ጥናት
3፡00 – 3፡30 ያልተያዘ ጊዜ
3፡30 – 4፡00 የነገውን መዘርዘር፣ ከዚያ መኝታ

መርጃ መሣሪያው በቀን ብርሃን እንዲሠራ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ መብራት ቢጠፋ የሚጎዳው የማታው ጥናት ብቻ ይሆናል። እንቅልፉም ስምንት ሰዓት ነው። የጥናት ጊዜ ከእንቅልፍ አይበደርም። እንዲሁም በጥናት ሰዓት ሞባይሉ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ አለዚያ «አንዴ ቴሌግራም ልይ» ያልነው ግማሽ ሰዓት ይበላል።

4. «አቅዶ የተሳካለት ማነው?» ለሚሉ

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። መልሱ ከትምህርት ዕቅዱ ቅጽ ላይ ይገኛል። የመጨረሻው ዓምድ «አስተያየት» ይላል። ደወል ቀድሞት ማጠቃለያው የቀረበት መምህር እዚያ ላይ ይጽፍና በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይጀምርበታል፤ ዕቅዱን ቀዶ አይጥልም። እኛም ያልተፈጸመውን ወደ ነገ እናሸጋግረው። ሦስት ቀን በተከታታይ የተሸጋገረ ሥራ ካለ ግን ምናልባት በጣም ትልቅ ስለሆነ ይከፋፈል፤ ወይም አላስፈላጊ ስለሆነ ይሰረዝ።

ሥራው ከነጭራሹ በቀኑ ውስጥ አልገባ ያለ እንደሆነስ? ያን ጊዜ ወረቀቱ ራሱ ማስረጃ ነው። ሦስት የቡድን ሥራ ባንድ ዓርብ መውደቁን ለመምህራን በጽሑፍ ማሳየት ጓዳ ውስጥ ከማጉረምረም ይሻላል። መምህሮቻችንም ቀኑን ተነጋግረው ቢያራርቁልን ሸክሙ ግማሽ በግማሽ ይቀላል። ጭንቀቱ ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ የሚከለክል ከሆነ ግን በፕሮግራም ብቻ የሚመለስ አይደለም፤ ለሚቀርቡት መምህር መናገር፣ ጤና ጣቢያም መሄድ ይገባል።

ባጠቃላይ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ሐሳቡ ተበታትኖ ክፍል የሚገባ ዕጩ መምህር ጉዳቱ የሱ ብቻ አይደለም። ፊቱ የተቀመጡት ሕፃናት ያቺ 40 ደቂቃ ተመልሳ አትመጣላቸውም። በመሆኑም ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት እናውጣ፤ ሦስት ሥራ እንምረጥ፤ ሰዓታቸውን እንጻፍ፤ ከዚያ መብራቱን አጥፍተን እንተኛ።