የመኝታ ቁስል፦ ከበጎ ፈቃድ ወደ ተግባር

ለብዙ ጊዜ የተኛ በሽተኛ ከዋናው ደዌ ሌላ ሁለተኛ ሕመም ሊያገኘው ይችላል፤ ይኸውም የመኝታ ቁስል ነው። አካል ሳይንቀሳቀስ በአንድ ጎን ሲቆይ በአጥንትና በአልጋ መካከል ለተጫነው ሥጋ ደም በሚገባ አይደርሰውም፤ ስለዚህም ይጎዳል፤ ይቆስላልም። ተረከዝ፣ ዳሌና የወገብ ታችኛው ክፍል በተለይ ይጠቃሉ።

ይህ ቁስል በአብዛኛው ሊከላከሉት የሚቻል ነው። እንግሊዛዊቷ ነርስ ዶሪን ኖርተን ከባልደረቦችዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመችው ጥናት፥ ለቁስሉ የተጋለጠውን በሽተኛ አስቀድሞ ለመለየት አምስት ነገሮች እንዲመዘኑ አመለከተች፤ እነርሱም የአካል ሁኔታ፣ የአእምሮ ሁኔታ፣ መራመድ መቻል፣ በአልጋ ላይ መገላበጥ መቻል፣ ሽንትንና ዓይነ ምድርን መቆጣጠር መቻል ናቸው።

ታዲያ መንገዱ ከታወቀ ቁስሉ ስለ ምን አልጠፋም? ነርሶች ቸልተኞች ስለ ሆኑ ነውን? እ.ኤ.አ. በ2004 በአየርላንድ ስለ ነርሶች አመለካከት የታተመ ጥናት ሌላ መልስ ይሰጣል። ነርሶቹ ቁስሉን ስለ መከላከል መልካም አመለካከት ነበራቸው፤ ሥራው ግን በወጥነት አይፈጸምም ነበር። ለዚህም የጊዜና የሠራተኛ እጥረትን በምክንያትነት አቀረቡ። ከዚህ የምንማረው፥ መልካም አሳብ ሰዓትና ኀላፊ ካልተመደበለት በልብ ብቻ እንደሚቀር ነው። «ሁሉም ያገላብጠዋል» የተባለ በሽተኛ ማንም ሳያገላብጠው ያድራል።

በአገራችን ሆስፒታሎች ከነርሷ ጋር በሽተኛውን የሚጠብቀው ብዙውን ጊዜ አስታማሚ ዘመድ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ለእኛም ነው። አስታማሚ የሚከተሉትን ይፈጽም፦

1ኛ. በሽተኛው በየስንት ሰዓቱ እንደሚገላበጥ ነርሷን ይጠይቅ፤ የተገላበጠበትንም ሰዓት ይጻፍ።

2ኛ. ሲያገላብጠው በሰው ታግዞ በአንሶላ ያንሣው እንጂ አይጎትተው፤ መጎተት ቆዳን ይልጣልና።

3ኛ. ቆዳውን በየቀኑ ይመልከት። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ በግልጽ ላይታይ ስለሚችል፥ የሚግል፣ የሚጠጥር ወይም የሚያም ስፍራ እንዳለ በእጁ ይመርምር። ቢያገኝ ለነርሷ ይንገር፤ ያንን ስፍራ ማሸት ግን አይገባም።

4ኛ. የረጠበውን አንሶላ ሳይዘገይ ይለውጥ።

ሕሙማንን ለመጠየቅ የምንሄድ ሁሉ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብለን ከመመለሳችን በፊት፥ «ዛሬ ሌሊት ማን ያገላብጠዋል?» ብለን እንጠይቅ። አስታማሚው ደክሞት ከሆነም ተራውን እንቀበለው።

ለውይይት፦ በቁምስናችን ከአልጋ የማይነሡ ሕሙማን እነማን ናቸው? አስታማሚዎቻቸውንስ በየትኛው ቀን ማን ይተካል?