ተከታታይ ታሪክ ሲነበብ ክርስቲያን እንዴት ሊናገር ይገባዋል?

የሚነበበው ክፍል፤ ዘፍጥረት 19፥1–11፤ 2ኛ ሳሙኤል 12፥1–7፤ የሐዋርያት ሥራ 8፥26–40።

በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ነገር ትንሽ መስሎ የሚታይ ከባድ ነገር ነው። እርሱም ሰው ታሪክ አንብቦ፥ ወይም ሲነበብ ሰምቶ፥ በአንደበቱ የሚመልሰው መልስ ነው። ታሪኩ በየሳምንቱ በየክፍሉ የሚወጣ እንደ ሆነ ደግሞ መልሱ በአንድ ቀን ተነግሮ አያልቅም፤ ሰሚዎቹ የሚመጣው ክፍል እስኪደርስ ድረስ ስለ ታሪኩ ሰው ሲከራከሩ፥ ሲያዝኑለትና ሲፈርዱበት ይቈያሉና።

እንግዲህ እንዲህ እንበል። በአሪቻ ቡና በሚለቀምበት ወራት ሴቶችና ወጣቶች በማድረቂያው አልጋ ዙሪያ ቆመው የተበላሸውን ፍሬ ከደኅናው ሲለዩ፥ ከመካከላቸው አንዱ ከስልኩ ላይ ተከታታይ ታሪክ ያነብላቸዋል። ታሪኩ ከአባቱ ቤት ወጥቶ በሩቅ አገር ብዙ መከራ ስላየ፥ ወንዝ ስለ ተሻገረ፥ ተርቦም ስለ ሠራ አንድ ልጅ ነው። እስከ አምስተኛው ክፍል ድረስ ሰሚው ሁሉ ይወደዋል። በስድስተኛው ክፍል ልጁ ልቡ ወደ ሴት ሳይሆን እንደ እርሱ ወዳለ ወንድ እንደሚያዘነብል ለባልንጀራው ይገልጥለታል። በዚያች ሰዓት በአልጋው ዙሪያ ምን ይባላል? አንዱ ይስቃል፤ አንዱ ይራገማል፤ አንዱም «እንዲህ ያለውስ መሞት ነው የሚገባው» ይላል፤ አንዲቱም ቀና ብላ አንባቢውን እያየች «አንተስ ይህን ታሪክ ከወዴት አመጣኸው?» ትለዋለች።

ልብ አድርጉ፤ ልጁ ከአምስተኛው ክፍል እስከ ስድስተኛው ሌላ ሰው አልሆነም። የተራበውም ወንዝ የተሻገረውም ያው እርሱ ነው። ይህም ብቻ አይደለም፤ ከሰሚዎቹ መካከል አንገቱን ደፍቶ ቡና የሚለይ፥ ነገሩ የራሱ የሆነ ልጅ ሊኖር ይችላል። እርሱ የሚሰማው ስለ ታሪኩ ሰው የሚባለውን አይደለም፤ እናቱና ጎረቤቶቹ ቢያውቁ ስለ እርሱ የሚሉትን ነው። የታሪኩ ሰው ቢረገም የወረቀት ሰው ነውና አይጎዳም። በአጠገባችን የቆመው ግን ሥጋና ደም ነው።

ተረትን ሰምቶ መፍረድ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ከዳዊት የበለጠ የሚያስረዳን የለም። ነቢዩ ናታን የአንዲት በግ ታሪክ በነገረው ጊዜ ዳዊት ክፍሉ እስኪያልቅ አልታገሠም፤ በታሪኩ ውስጥ ባለው ባለጠጋ ላይ የሞት ፍርድ ፈረደ። ፍርዱም ወደ ራሱ ተመለሰ። በዚህ ስፍራ የቍጣው ብዛት የጽድቁን ብዛት አላሳየም፤ ይልቁንም ቍጣው ያልተመረመረ ልቡን ሸፍኖለት ነበር። በታሪክ ሰው ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚጮኽ ሰው ከሁሉ ይልቅ ንጹሕ እንደ ሆነ አድርገን ባንቈጥር መልካም ነው።

አሁን ወደ ራሳችን አገር አንባቢ እንምጣ። የሕንደኬ የገንዘብዋ ሁሉ አዛዥ የነበረው ጃንደረባ በጋዛ መንገድ በሰረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ነበር፤ ፊልጶስ ሲያነብ ሰማው ተብሎ ተጽፎአልና። ጃንደረባው የጠየቀው ጥያቄ ዛሬ ታሪክ የሚያነብ ሁሉ የሚጠይቀው ነው፤ ጸሓፊው ይህን የሚለው ስለ ማን ነው? ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ሌላ ሰው? ይህ ጥያቄ በሁለት መንፈስ ሊጠየቅ ይችላል። ጃንደረባው ለማስተዋል ጠየቀ። በቡናው አልጋ ዙሪያ ያለችው ሴት ግን «ከወዴት አመጣኸው?» ስትል አንባቢውን ለመያዝ ጠየቀች። ቃሉ ሊመሳሰል ይችላል፤ አንዱ ወደ መጽሐፉ፥ ሁለተኛው ወደ ሰውየው አንገት ይሄዳል።

ደግሞም ጃንደረባው እንደ ኦሪት ሥርዓት (ዘዳግም 23፥1) ወደ ጉባኤ ከማይገቡት ወገን ነበረ። ለመስገድ ያን ያህል መንገድ ተጉዞ ወደ ኢየሩሳሌም የሄደ ሰው ከመቅደሱ አደባባይ ምን ያህል እንደ ቀረበ መጽሐፉ አይነግረንም። ያነብ ከነበረው ክፍል ጥቂት አልፎ ግን፥ በምዕራፍ 56፥ ያው ነቢይ ለጃንደረቦች በእግዚአብሔር ቤት ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጣቸው ይናገራል። ጃንደረባ መሆንና የዚህ የታሪክ ልጅ ነገር አንድ ነው አንልም። የምንመለከተው የፊልጶስን ጠባይ ነው። ፊልጶስ ሮጠ፤ አስቀድሞ ሰማ፤ ከዚያም ስለሚነበበው ነገር ጠየቀ እንጂ ስለ ሰውየው ሥጋ አልጠየቀም፤ ሲጋበዝም ወጥቶ በአጠገቡ ተቀመጠ። ወደ ሰረገላው ድንጋይ ይዞ የሄደ ሰው ከዚህ ምዕራፍ ውስጥ የለም።

እንዲህ ያለ ታሪክ በእውነት በየክፍሉ ታትሞ፥ አንባቢዎችም የመለሱለት ጊዜ አለ። በአሜሪካ አገር አርሚስቴድ ሞፒን የሚባል ጸሓፊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ በሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ጋዜጣ ላይ ተከታታይ ታሪክ ያወጣ ነበር። በታሪኩ ውስጥ ማይክል የሚባል ወንዶችን የሚያፈቅር ወጣት አለ፤ ወላጆቹ በፍሎሪዳ ይኖራሉ፥ ነገሩንም አያውቁም። በ1977 ዓ.ም. አኒታ ብራያንት የምትባል ዘፋኝ በፍሎሪዳ እንዲህ ያሉትን ሰዎች በመቃወም ታላቅ ዘመቻ አስነሣች። በታሪኩም የማይክል እናት ዘመቻውን መደገፍዋን ለልጅዋ ጻፈችለት፤ እርሱም ማንነቱን የሚገልጥ ደብዳቤ መለሰላት። የጸሓፊው የራሱ ወላጆች ያን ጋዜጣ እያስመጡ ያነቡ ነበርና ስለ ልጃቸው የተረዱት በዚሁ ደብዳቤ ነው። ብዙ አንባቢዎችም ደብዳቤውን ከጋዜጣው ቈርጠው፥ በማይክል ስም ፋንታ የራሳቸውን ስም አግብተው፥ ለገዛ ወላጆቻቸው ላኩት። በገዛ አፋቸው ሊናገሩት ያልቻሉትን ነገር በታሪክ ሰው አፍ ተናገሩ ማለት ነው። አንዳንዱ ወላጅ ይህን ወረቀት በፖስታ ሲቀበል ምን እንዳደረገ ማሰብ ለእኛ ጠቃሚ ነው፤ አንድ ቀን የእኛም ልጅ «እስቲ ይህን ክፍል አንብቡት» ብሎ ስልኩን ይዘረጋልን ይሆናልና።

በአገራችን የነገሩ ይዞታ የታወቀ ነው። አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ነገር ያላቸውን ትምህርት በግልጥ አሳውቀዋል፤ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም በ2005 ዓ.ም. ስለዚሁ ነገር ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ካለችው የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት አቋርጣለች። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ያስቀጣል። ይህ ትምህርት ያን ክርክር ሊፈታ አልተነሣም። ነገር ግን ትምህርትን መጠበቅ ሌላ ነው፥ ሰውን ማሳደድ ሌላ ነው፤ ሕጉም ቢሆን ፍርድን ለዳኛ ሰጠ እንጂ በመንገድ ለተሰበሰበ ሕዝብ አልሰጠም።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በቲክቶክ የሰዎችን ስምና ፎቶግራፍ እያወጡ እንዲመቱና እንዲገደሉ የሚያነሣሡ ምስሎች ተሰራጭተው ነበር። እነዚህን ምስሎች ለሌላ ካስተላለፉት ውስጥ ቅዱስ ሥራ እየሠሩ የመሰላቸው አይጠፉም። እንግዲህ ብዙዎች እየጠቀሱት በጥቂቶች የሚነበበውን ዘፍጥረት 19ን ከፍታችሁ አንብቡ። የሰዶም ሰዎች ምን አደረጉ? ወጣቱም ሽማግሌውም ተሰብስቦ የሰው ቤት ከበበ፤ በውስጥ ያሉትን እንግዶች ያዋርዱአቸው ዘንድ አውጡልን እያሉ ጮኹ፤ ደጁንም ሊሰብሩ ቀረቡ። ሕዝቅኤል ደግሞ (16፥49) የሰዶምን ኀጢአት ሲዘረዝር ትዕቢትን፥ ጥጋብን፥ የችግረኛውንም እጅ አለማጽናትን ይጠራል። የሰውን ስም እየጠራ «አውጡልን» የሚል ሕዝብ በዚያ ምዕራፍ ውስጥ በየትኛው ወገን እንደ ቆመ ይመልከት፤ ከደጁ ውስጥ ነው ወይስ ከደጁ ውጭ?

ስለ ወላጆች ጥቂት እንጨምር። ነገሩ በቤት የተገለጠ እንደ ሆነ የመጀመሪያው ፈተና ልጁን ከቤት ማስወጣት ነው። የጌዴኦ ሰው ከቤት መባረር ምን እንደ ሆነ ከሌላ ሊማር አያስፈልገውም፤ በ2010 ዓ.ም. ብዙ መቶ ሺህ ሰው ከምዕራብ ጉጂ ተፈናቅሎ ልጆቹን ተሸክሞ ሲመጣ በየትምህርት ቤቱና በየአዳራሹ መሬት ላይ አድሮአል። የተቀበሉት ሰዎች እንጀራና ቆጮ ከመስጠታቸው አስቀድመው የጠየቁት ጥያቄ አልነበረም። ከቤቱ የተባረረ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በዲላ መናኸሪያ የሚያገኘው ሰው ማን እንደ ሆነ ወላጅ አስቀድሞ ያስብ፤ በዚያ የሚጠብቀው ሰው ስለ ነፍሱ የሚገደው አይደለም።

ስለዚህ ልጁ በተናገረባት ሌሊት ወላጅ ቢያለቅስ ያልቅስ፤ ነገር ግን እጁን አያንሣ፥ ራቱንም አይከልክለው። «በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልተለወጥህ» የሚል ቀጠሮም አይስጠው። መምከር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ እስከ መጨረሻው ይስማ፤ ሳይሰሙ መመለስ ስንፍናና እፍረት እንደ ሆነ በምሳሌ 18፥13 ተጽፎአልና። ለሽማግሌ ወይም ለመጋቢ መንገር ቢያስፈልግ እንኳ ልጁ ሳይፈቅድ አይነገር፤ የተነገረውም ሽማግሌ በጸሎት ጉባኤ መካከል ስሙን ጠርቶ «ጸልዩለት» አይበል። እንዲህ ያለው ጸሎት ሐሜት ነው፤ በማግሥቱም ከገበያ ይደርሳል። ልጁ ሞትን የሚመኝ ቃል ከተናገረ ግን ብቻውን አይተው፤ ያን ጊዜ ከአጠገቡ የሚያድር ሰው ይኑር፥ ሲነጋም ወደ ሐኪም ይሂዱ።

በቡናው አልጋ ዙሪያ ለሚያነበውም ወጣት የምንለው አለን። ሰባተኛውን ክፍል ለማንበብ የፈራ እንደ ሆነ አይገደድ። የሚያነብ እንደ ሆነ ግን ሳቅና እርግማን ሲነሣ ንባቡን ያቁምና ልጁ በሦስተኛው ክፍል ወንዙን እንዴት እንደ ተሻገረ ሰሚዎቹን ይጠይቃቸው፤ እነርሱም ያስታውሱታል፥ በዚያን ጊዜ ሁሉም ስለ እርሱ ይፈሩ ነበርና።