«አዎን» ብቻ አይበቃም፦ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ሲጠየቁ የሚሰጥ መልስ



ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው በጤና ጣቢያ ብዙ ጥያቄ ይቀርብላችኋል። ሕክምናው የሚታዘዘው በመልሳችሁ መሠረት ስለሆነ፥ መልሱ ከመድኃኒቱ ያነሰ ዋጋ የለውም። ዛሬ የምንማረው «አዎን» የምትባለው አጭር ቃል ስለምታመጣው ስሕተት ነው። ተማሪ ልጅ ያላችሁ ይህን አስነብባችሁ አብራችሁ ተለማመዱ።

ንግግር

ጤና መኰንን፦ እትዬ፥ ተቅማጡ መቼ ጀመረው?
እናት፦ ከትናንት ወዲያ ማታ ነው፥ ዶክተር።
ጤና መኰንን፦ ዛሬ ምንም አልጠጣም፥ አይደለም?
እናት፦ አዎን።
ጤና መኰንን፦ አዎን ማለትዎ ጠጥቷል ነው ወይስ አልጠጣም?
እናት፦ ኧረ አልጠጣም! በማንኪያ ስሰጠው ከአፉ ይፈስሳል።
ጤና መኰንን፦ ሽንቱስ?
እናት፦ ከጧት ጀምሮ ጨርቁ ደረቅ ነው።
ጤና መኰንን፦ ደኅና አድርገው ነገሩኝ። ሰውነቱ ውሃ አልቆበታል፤ አሁኑኑ በደም ሥሩ ፈሳሽ ይሰጠዋል።

ማብራሪያ

በአማርኛ «አልጠጣም፥ አይደለም?» ሲባል «አዎን» ማለት «እንዳልከው ነው፥ አልጠጣም» ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ግን ነገሩ ይገለበጣል። «ሂ ዲድ ኖት ድሪንክ፥ ዲድ ሂ?» ተብሎ ሲጠየቅ፥ ካልጠጣ መልሱ «ኖ፥ ሂ ዲድ ኖት» ነው። «ዬስ፥ ሂ ዲድ» የተባለ እንደሆነ ግን «ጠጥቷል» ማለት ይሆናል።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ዛሬም የሕክምና ትምህርትና የበሽተኛ መዝገብ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የእናት «አዎን» መዝገቡ ላይ «ዬስ» ሆኖ ከተጻፈ፥ በጠና የታመመ ሕፃን ደኅና ነው ተብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ከ«አዎን» በኋላ ነገሩን ሙሉ አድርጎ መናገር። «አዎን፥ አልጠጣም» በሉ።

መልመጃ (ልጅ ይጠይቅ፥ እናት ትመልስ)

1. «ዩ ዲድ ኖት ስቶፕ ብሬስትፊዲንግ፥ ዲድ ዩ?» እማዬ፥ ጡት ማጥባት አላቆምሽም፥ አይደለም?
መልስ፦ አዎን፥ አላቆምሁም። በእንግሊዝኛ፦ «ኖ፥ አይ ዲድ ኖት»።

2. «ዩ ቦይል ዘ ዎተር፥ ዶንት ዩ?» ውሃውን እያፈላሽ ነው የምትሰጪው፥ አይደለም?
መልስ፦ አፈላለሁ፤ ማገዶ ያጠረኝ ዕለት ግን ሳላፈላ እሰጣለሁ።

ሁለተኛውን መልስ አስተውሉ። ጥያቄው ራሱ «አዎን» በሉ የሚል ይመስላል፤ ይሉኝታም አለ። ነገር ግን እውነቱ ሲነገር ነው ባለሙያው ሌላ መንገድ፥ ለምሳሌ የውሃ ማከሚያ መድኃኒት፥ ሊያሳያችሁ የሚችለው።

በቤት ውስጥ የሚደረግ

1ኛ/ አንድ ከረጢት ለምለም (ኦ.አር.ኤስ.) በላዩ ላይ በተጻፈው ልክ፥ የ1 ሊትሩን በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት። 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ።
2ኛ/ ጡትም ሆነ ምግብ አለማቋረጥ።
3ኛ/ የታዘዘውን የዚንክ እንክብል ተቅማጡ ቢቆምም መጨረስ።
4ኛ/ ከመጸዳጃ በኋላ፥ ሕፃን ካጸዱ በኋላና ምግብ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ሳሙና ከሌለ በአመድ።

ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው፥ የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፥ ዐይኑ ከጎደጎደ፥ ከፈዘዘ ወይም ደም ካስቀመጠው ሌሊትም ቢሆን ነገ ሳይሉ ወደ ሕክምና መውሰድ ይገባል። እዚያም ስትደርሱ ያያችሁትን በሙሉ ቃል ተናገሩ። ልጁን ከእናቱ ይበልጥ የሚያውቀው የለምና።